እልፍ የሞላ ዕለት

ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ የቡናው ወቅት ጫፉ ላይ ደርሷል። ከአጋሮ የመጣ አይሱዙ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ተመዝኖ ወርዷል፤ ሹፌሩ ደረሰኙን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ማተሚያው እንደ ልማዱ እየተንጫጫ ወረቀቱን አወጣ። የአቅራቢው ስም አለ፣ ኪሎው አለ፣ የጆንያው ብዛት አለ። የገቢ ቁጥሩ መቀመጥ ባለበት ቦታ ግን አራት ኮከቦች ተደርድረዋል። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ልጅ ደግማ አተመች። አራት ኮከብ። ሦስተኛ አተመች። አሁንም አራት ኮከብ። ከዚያ በፊት የወጣውን ደረሰኝ ከጥራዙ አንስቼ አየሁት፤ ቁጥሩ 9999 ነበር።

እኔ በጅማ የቡና መጋዘን ሥራ የጀመርኩት በ1971 ዓ.ም. በሚዛን ጸሐፊነት ነው። ከሚዛን ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብ ወደ መጋዘን ኃላፊነት እያልኩ ዕድሜዬን በቡና አቧራና በኬሻ ሽታ መካከል ጨረስኩ። ስለ ጅማ ቡና ታሪክ ሲጻፍ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ጫካው ይጻፋል፤ ደስም ይለኛል። ስለ ቁጥሩ የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ቡና ከገበሬው እጅ ወጥቶ መጋዘን ሲገባ የሚከተለው ስሙ ያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲበላሽ ቡናው አባት የሌለው ልጅ ይሆናል።

ድሮ ቁጥር አላስፈለገም። ዛሬ ጅማ የምንለው ከተማ ገና ሳይስፋፋ፣ ሂርማታ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ይቆም በነበረው ታላቅ ገበያ፣ ቡናው የሚታወቀው በባለቤቱ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅሬን ኮረብታ ላይ ተቀምጠው ሲገዙ፣ ሲራራ ነጋዴው በበቅሎ የጫነውን አሞሌና ጨርቅ አራግፎ ቡና ይጭን ነበር፤ ክፍያው በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ክርክር ቢነሳ ምስክሩ ሰው ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈልን አንድ ነገር ፈረሱላ ነው፤ 17 ኪሎ። ዛሬም የቡና ዋጋ ሲጠራ በፈረሱላ ይጠራል።

ቁጥር የገባው ቡናው ከባለቤቱ ጋር ሲለያይ ነው። ከጌራ የመጣው፣ ከጎማ የመጣው፣ ከማና የመጣው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲከመር ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ጆንያው ይቀራል። የብሔራዊ ቡና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1957 ተቋቁሞ ቡና እየተበጠረ፣ በደረጃ እየተለየ፣ ናሙናው እየተቀመሰ መላክ ግዴታ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ክምር ከናሙናው ጋር የሚያስተሳስረው ምልክት አስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተውና ለንደን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅትም ለአባል አገሮች የራሱን አሠራር ይዞ መጣ። በኤክስፖርት ኬሻ ላይ የሚታተመው ምልክት ሦስት ክፍል አለው፦ የአገር ቁጥር፣ የላኪው ቁጥር፣ የሎቱ (አብሮ የሚላከው ክምር) ቁጥር። የኢትዮጵያ ቁጥር 010 ነው። የሎቱ ቁጥር በየዓመቱ የቡና ዘመን ሲጠባ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ጥቅምት 1 ቀን፣ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ሎት ቁጥር ብቻውን ስም አይደለም፤ ከዓመቱ ጋር ሲሆን ነው ስም የሚሆነው። ለንደን ያሉት ሰዎች ይህን ሲያስቡ ቁጥር እንደሚሞላ ቀድመው አውቀዋል ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ያለው ነገር ሞዴል 19 ነበር። በመንግሥት መጋዘን የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ገቢ በሞዴል 19፣ ወጪ በሞዴል 22። ጥራዟ በካርቦን ትጻፋለች፤ አንዱ ቅጠል ለአስረካቢው፣ አንዱ ለሒሳብ ክፍል፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። ሥራ ያስተማሩኝ የመጋዘን ኃላፊ ጥብቅ ሰው ነበሩ። ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ደረሰኝ ሲበላሽ መቅደድ የተከለከለ ነው፤ ሦስቱም ቅጠል ጥራዙ ላይ እንዳለ «ተሰርዟል» ተብሎ ተጽፎበት ይፈረምበታል። «የተቀደደ ቁጥር ሌባ ነው፣ የተደገመ ቁጥር ደግሞ የሌባ አባት ነው» ይሉን ነበር። ዘለግ ላለ ጊዜ የሁለተኛው ትርጉም አልገባኝም ነበር።

ጥራዝ የምናሳትመው በአራት አሃዝ ነበር። 9999 ሲቃረብ ጋሼ ለማተሚያ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ «ተከታታይ ለ» ብለው። የመጀመሪያው ዙር ሀ 0001 እያለ እስከ ሀ 9999 ይሄዳል፤ ቀጣዩ ለ 0001 ብሎ ይነሳል። ታዲያ ከለ ቀጥሎ ሐ አልመጣም፤ መ መጣ። ለምን ዘለሉት ብዬ ስጠይቃቸው ስልኩን አሳዩኝ። «ከአጋሮ የሚደውል ሰው ሀ 217 ቢልህ ሀሌታው ይሁን ሐመሩ በምን ታውቃለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በወረቀት ሦስት ናቸው፤ በጆሮ አንድ ናቸው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ወሰዱ። ከንጉሡ ሠና ከእሳቱ ሰም አንዱን፣ ከአልፋው አና ከዐይኑ ዐም አንዱን። ሸን፣ ቸን፣ ኘንም ተዉአቸው፤ መዝጋቢው ቸኩሎ ከላይ ያለችውን መስመር ከረሳት ሸ ሰ ሆና ትነበባለችና። ይህን ሁሉ ያሰቡት አሥረኛ ክፍል ያልጨረሱ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማሩ ሰዎች የሠሩትን የቁጥር አሠራር አይቻለሁ፤ የጋሼን ያህል የተጠነቀቀ አላየሁም።

ሌላውን ትምህርት ያገኘሁት ከቢሮ አይደለም፤ ከማሳ ነው። ከጅማ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ መልኮ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን መግባቱ ከታወቀ በኋላ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ከየጫካውና ከየገበሬው ማሳ እየመረጡ ቁጥር ሰጧቸው። ዛሬ ጎማ ወይም ማና ሄዳችሁ ገበሬውን ምን ዓይነት ቡና ተከልክ ብትሉት «74110» ይላችኋል። ወይ 74112፣ ወይ 744። እንደ ሰው ስም ነው የሚጠራው። ቁጥሩን ግን በትነው ያዩት ጥቂቶች ናቸው። 74 ዓመቱ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። 110 በዚያ ዓመት ለዛፏ የተሰጣት ተራ ቁጥር ነው። 754 ስትባል ደግሞ የ1975ቷ አራተኛ ናት። ዓመትና ተራ፤ የለንደኑ ሐሳብ መልኮ ላይ በዛፍ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ነገር ግን በዓመቱና በተራው መካከል ሰረዝ አላደረጉም፤ ተራውንም እኩል አሃዝ አልሰጡትም። ስለዚህ የማያውቅ ሰው 744ንና 7440ን ወንድማማች ያደርጋቸዋል፤ አንዷ አራተኛ፣ አንዷ አርባኛ ስትሆን። ለኮምፒውተር ብትሰጡት ደግሞ በቁጥር መጠን ሲደረድራቸው የ1975ቷን 754 ከ744 ቀጥሎ ከ7440 በፊት ይሰካታል። ዛፎቹ ላይ ምንም ጉዳት የለውም፤ መዝገብ ላይ ግን እንዲህ ያለች ክፍተት ትልቅ ጣጣ ታመጣለች። ይህን በኋላ በራሳችን ላይ አየነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ነጋዴው ሲነሳ እኔም ወደ አንድ የግል መቀሸሪያና ማበጠሪያ ተዛወርኩ። በ1992 ዓ.ም. ባለቤቱ ኮምፒውተር ገዙ። ያን ዓመት ነው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሠረተው፤ ከተማው ሁሉ አዲስ ነገር ይሸተው ነበር። ዓለም ደግሞ የፈረንጆቹ 2000 ሲገባ ኮምፒውተሮች ያብዳሉ ብሎ ይፈራ ነበር። አዲስ አበባ የነበረ ወጣት ፎክስፕሮ በሚባል መሣሪያ ፕሮግራም ሠራልን። ጀንፈል ሲገባ የገቢ ቁጥር ይሰጣል፤ ወደ መቀሸሪያ ሲሄድ የሥራ ትዕዛዝ ይቆርጣል፤ ሲሸጥ የክፍያ ማዘዣ ያትማል። በጣም ጥሩ ሥራ ነበር፤ አሁንም ልጁን አመሰግነዋለሁ። ፕሮግራሙ ተራ ቁጥሩን በራሱ ይጨምራል፣ ድርብ አይጽፍም፣ ስሌት አይሳሳትም። ለቁጥሩ ግን አራት ቤት ሰጠው። በዓመት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ግድም ጭነት እንቀበል ነበር። ያን ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዤ ባካፍለው ኖሮ ስምንት ዓመት እንደማይሞላ አየው ነበር። አላካፈልኩትም። ልጁም አልጠየቀኝም። ጋሼ ጡረታ ወጥተው ነበር።

እናም አራቱ ኮከቦች መጡ። አምስተኛዋ አሃዝ ቦታ ስታጣ ፎክስፕሮ ቁጥሩን ቆርጦ አልጻፈም፤ «አልበቃኝም» ለማለት ቤቶቹን በኮከብ ሞላቸው። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ውጭ አገር ሄዷል። የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ እጃችን ላይ የለም፤ ያለን የሚሠራው ፋይል ብቻ ነው። ሹፌሩ ይጮኻል፣ ከኋላው ሌላ መኪና ተሰልፏል። ከበላይ ትእዛዝ መጣ፦ ቆጣሪውን ወደ 1 መልሱት። ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ያለ ችግር ታተመ፤ ሁላችንም እፎይ አልን።

በሦስተኛው ቀን ክፍያ ተጀመረ። የክፍያ ማዘዣው ቁጥሩን ብቻ ይዞ መዝገቡን ከላይ ወደ ታች ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ የ1992ቱን ነው። ከየቡ ለመጣ ወጣት ሰብሳቢ ማዘዣ አትመን ሰጠነው። አነበበው፤ ዝም አለ፤ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ መልሶ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ እኚህ ሰው እኮ ጎረቤታችን ነበሩ። ከቀበርናቸው ሦስት ዓመት ሆነ» አለኝ። ዋጋውም የ1992 ዋጋ ነው። የሞተን ሰው ስም ለሕያው ሰው ሰጥተን፣ የሕያውን ሰው ቡና በሙት ዋጋ ልንከፍል ነበር። ያን ጊዜ ነው የተደገመ ቁጥር የሌባ አባት ነው የሚለው የገባኝ። እኔ ሰርቄ አላውቅም፤ በዚያ መስኮት ግን አንገቴን ደፋሁ።

ኮምፒውተሩን አጠፋን። ሦስት ቀን በእጅ ጻፍን። ጋሼ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ብዙ አልተናገሩም። «መዝገብ ሲሞላ ምን ታደርጋለህ? ትዘጋዋለህ፣ አዲስ ትከፍታለህ፣ ያላለቀውን ታዞራለህ» አሉኝ። ያደረግነው እሱን ነው። የፕሮግራሙን ሙሉ ማኅደር ገልብጠን ዘጋነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ሆነ። ባዶውን አዲስ ማኅደር በዓመቱ ስም 99 ብለን ከፈትነው። ያልተሸጠውና ያልተከፈለው ቡና ግን የቀድሞ ቁጥሩን እንደያዘ በተለየ መዝገብ «የዞረ» ተብሎ ተጻፈ፤ አዲስ ቁጥር አልሰጠነውም። ከተማ ውስጥ ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ዘንድ ሄደን የዓመተ ምሕረት ማኅተም አሠራን፤ ፕሮግራሙ አራት አሃዝ ያትማል፣ እኛ ከፊቱ ዓመቱን በቀለም እንመታበታለን። ፕሮግራሙ ላይ አንዲት መስመር ሳንነካ ቁጥሩ ዕድሜ አገኘ።

አንድ ነገር ግን አመለጠን። መስከረም 2000 ሲገባ፣ አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም እያለ ሲያከብር፣ አዲሱን ማኅደር 00 አልነው። ልጅቷ ሁልጊዜ ጠዋት የምትከፍተው በዝርዝሩ መጨረሻ ያለውን ነበር። 00 ግን ከ99 በላይ ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የአዲሱ ዘመን ቡና በአሮጌው ዘመን መዝገብ ተጻፈ። የፈረንጆቹ 2000 በሰላም አልፎን የእኛው 2000 ያዘን። ከዚያ ወዲያ ዓመት በሁለት አሃዝ ጽፌ አላውቅም።

ቁጥር የሞላበት እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2004 የፈረንጆች ገና ዕለት ኮምኤር ይባል የነበረ የአሜሪካ አየር መንገድ 1,100 በረራዎች ሰርዟል፤ የሠራተኞች ምደባ ፕሮግራሙ በወር ከ32,767 በላይ ለውጥ መቁጠር አልቻለም ነበርና። በአገራችንም ስልኩ ስድስት አሃዝ አልበቃው ብሎ መስከረም 1998 ዓ.ም. ላይ ሲቀየር የጅማ መለያ 07 ወደ 047 ተለወጠ፤ የእያንዳንዱም ሰው ቁጥር ሰባት አሃዝ ሆነ። ያ ለውጥ ደስ ይለኛል። ማንም ሰው የሌላን ሰው የድሮ ስልክ አልወሰደም፤ በነበረው ላይ ተጨመረ እንጂ። የአዲስ አበባ ታርጋም አምስት አሃዙ ሲያልቅ ፊደል ተጨመረለት። ከጋሼ ጥራዝ ጋር አንድ ዘር ነው።

ግዕዙን ደግሞ ተመልከቱ። 9999 በግዕዝ አኃዝ ፺፱፻፺፱ ነው፤ አምስት ምልክት ይፈጃል። አንድ ሲጨመርበት ግን ፼ ይሆናል፤ አንዲት ምልክት። እልፍ። ለፎክስፕሮ አራት ቤት የከበደው ቁጥር ለአባቶቻችን የማረፊያ ቦታቸው ነበር።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡናው በአዋጅ ቁጥር 602/2000 መሠረት ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ናሙናው በምስጢር ቁጥር ይቀመስ ነበር፤ ቀማሹ የማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ይህ ለፍትሕ በጣም ጥሩ ነበር፤ በጓደኝነት ደረጃ ማግኘት ቀረ። ከዚያ በኋላ ግን ቡናው በዓይነትና በደረጃው ይሸጣል እንጂ በባለቤቱ ስም አይሸጥም ነበር፤ የጌራው ገበሬ ቡና ከየት እንደመጣ ለገዢው የሚነግር ነገር ጠፋ። በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1051 ሌላ የመሸጫ መንገድ ሲከፍት ገበሬውንና ገዢውን የሚያገናኘው ክር መልሶ መቀጠል ጀመረ። አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ደንብ፣ ተግባራዊነቱ ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ ኬክሮስና ኬንትሮስ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ እስከ ስድስት አሃዝ ድረስ ይጠይቃል። ለጅማ ገበሬ ይህ ማለት 7 ብሎ ስድስት አሃዝ፣ 36 ብሎ ስድስት አሃዝ ነው። ለአንዲት ማሳ አሥራ አምስት አሃዝ። በአንድ ሎት ውስጥ ስንት ማሳ እንዳለ እናንተው አስቡት። በአጋሮና በሊሙ ያሉ ማኅበራት ይህን ሁሉ በአሮጌ ፕሮግራምና በኤክሴል እየጻፉት ነው። ኤክሴል ደግሞ ከፊት ያለውን ዜሮ ይበላል፤ 0047 ጽፋችሁ 47 ታገኛላችሁ።

ስለዚህ ለእነዚህ ማኅበራት ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆቻችን፣ የቁጥሩን ቤት ከመወሰናችሁ በፊት ወደ ሚዛኑ ሂዱና ሚዛን ጸሐፊውን በዓመት ስንት ጭነት እንደሚቀበል ጠይቁት። ዓመቱን በአራት አሃዝ ጻፉ፤ በዓመቱና በተራው መካከል ሰረዝ አድርጉ፤ የሞላውን ዝጉ እንጂ ወደ 1 አትመልሱ።

ሌላም ልመና አለኝ። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነት መጋዘን የምታጸዱ ሰዎች፣ አሮጌዎቹን ጥራዞች በኪሎ ለሱቅ መጠቅለያ አትሽጡ። በውስጣቸው የአባቶቻችሁ ስም በየቁጥሩ ፊት ተጽፎ አለ። ወደ ጅማ ሙዚየም ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውሰዷቸው። የእኔን የ1999ኙን ጥራዝ አስቀምጬዋለሁ፤ 9999 የተጻፈባት ቅጠልና አራት ኮከብ ያለባት ቅጠል ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለተኛዋ ላይ በእጄ «ተሰርዟል» ብዬ ፈርሜባታለሁ።